ፍላትዋውንድ የቤዝ ክር ስትመርጡ ከቁጥሩ በፊት ውጥረቱን እዩ

ፍላትዋውንድ (ላዩ በጠፍጣፋ ጥብጣብ የተጠመጠመ ክር) ገዝተው በሳምንቱ የሚያወልቁ ቤዝ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። «ድምፁ ድፍን ነው»፣ «ጣቴን ጨረሰው»፣ «ኢ ክሩ ዱብ ብሎ ይጠፋል» ይላሉ። የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ጥፋቱን የሚጥሉት ግን በክሩ ዓይነት ላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ፓኬቱ ላይ ያለውን የውፍረት ቁጥር ብቻ አይቶ ከመግዛትና ክሩን ቀይሮ ጊታሩን እንደነበረ ከመተው ነው። ስለዚህ «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ትንሽ አቆየዋለሁ። መጀመሪያ የሚታየው ውጥረት ነው፤ ቀጥሎ ግትርነት፤ ከዚያ ቃና። ብራንድ ከነዚህ በኋላ ይመጣል።

ከጥብጣቡ ሥር

የማንኛውም የቤዝ ክር መሃል ኮር የሚባል የብረት ሽቦ ነው። ጉተታውን የሚችለው እሱ ነው፤ በላዩ የሚጠመጠመው ሽቦ ደግሞ ክሩን ያከብደዋል። ራውንድዋውንድ ላይ የውጪው ጥቅል ክብ ሽቦ በመሆኑ ሲዳሰስ ጥርስ ጥርስ ይላል፤ እጅ በተንሸራተተ ቁጥር ሲጥ የሚለውም ለዚህ ነው። ፍላትዋውንድ ላይ የውጪው ጥቅል ጠፍጣፋ የብረት ጥብጣብ ነው። ከጥብጣቡ ሥር ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ንብርብር ቀጭን ክብ ሽቦ አለ። ይህ የማይታየው ንብርብር የክሩን ባሕርይ በጣም ይወስናል፤ ሁለት ፍላትዋውንዶች በዓይን አንድ መስለው በእጅ ሰማይና ምድር የሚሆኑትም በእሱና በኮሩ ውፍረት ነው።

በሁለቱ መካከል ያሉም አሉ። ግራውንድዋውንድ ወይም ሃፍራውንድ የሚባለው ክብ ሽቦ ከተጠመጠመ በኋላ ላዩ ተሞርዶ የተስተካከለ ነው፤ ቃናው ከሁለቱ መሃል ይወድቃል። ቴፕዋውንድ ደግሞ ላዩ የናይለን ጥብጣብ ነው። እነዚህን ከፍላትዋውንድ ጋር አንድ አድርጎ ማየት አያዋጣም።

የፍላትዋውንድ ድምፅ ላይኛው ክፍል ይቀንሳል፤ መሠረታዊው ድምፅ ይወፍራል፤ ከተመታ በኋላ ቶሎ ይረግባል። ፍሬቱን፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያለውን የብረት መስመር፣ እንደ ራውንድዋውንድ አይበላም። ፍሬት በሌለው ቤዝ ላይም የጣውላውን ፊት አይቧጭርም። የጃዝ ቤዝ ተጫዋቹ ጃኮ ፓስቶሪየስ ፍሬት በሌለው ቤዙ ላይ ራውንድዋውንድ ሲያስር ጣውላውን በኢፖክሲ መሸፈን ያስፈለገው ለዚህ ነው።

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በኤሌክትሪክ ቤዝ ላይ የተለመደው ፍላትዋውንድ ነበር። በ1966 ክር አምራቹ ሮቶሳውንድ ከዘ ሁ ባንዱ ጆን ኤንትዊስል ጋር ሆኖ ራውንድዋውንዱን ካዳበረ በኋላ ነው ሚዛኑ የተገለበጠው። የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን ላ ቤላ የተባለውን ብራንድ ፍላትዋውንዱን ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር፤ ውፍረቱም 52–110 የሚባለው ከባዱ ዓይነት ነው። ይህን ያነበበ ሁሉ 52–110 ለመግዛት ይሮጣል። ጄመርሰን ግን ክሩን ከፍ አድርጎ፣ ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚታሰሩበት) ላይ ስፖንጅ አስገብቶ፣ በአንድ ጣት ይጫወት ነበር፤ ክሩ የዚያ አጠቃላይ አሠራር አንድ ክፍል ብቻ ነው። ፍላትዋውንድ ለስላሳ ሙዚቃ ብቻ ነው የሚል ካለ ደግሞ የአይረን ሜይደኑን ስቲቭ ሃሪስ ይስማ፤ የሚጫወተው በሮቶሳውንድ 50–110 ፍላትዋውንድ ነው፤ እሱ ግን እንደ ጄመርሰን አያስረጅም፣ ቶሎ ቶሎ ይቀይራል።

ቁጥሩ የሚያሳስተው እንዴት ነው

ፓኬት ላይ 45–105 ሲባል የጂ ክር (የቀጭኑ) ውፍረት 0.045 ኢንች፣ የኢ ክር (የወፍራሙ) 0.105 ኢንች ነው ማለት ነው። ይህ ውፍረት ነው፤ እጃችሁና የጊታሩ አንገት የሚያውቁት ግን ውጥረቱን ነው። ውጥረት በሦስት ነገር ይወሰናል፦ ክሩ በርዝመቱ ልክ ባለው ክብደት፣ ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ካለው የክር ማረፊያ) እስከ ሳድል (ብሪጁ ላይ ካለው ማረፊያ) ባለው ርቀት ማለትም በስኬሉ ካሬ፣ በሚቃኝበት ፍሪኩዌንሲ ካሬ። የኋለኞቹ ሁለቱ በአንድ ጊታር ላይ አይለወጡም፤ 34 ኢንች ስኬል ባለው ቤዝ ላይ ኢ 41.2፣ ኤ 55፣ ዲ 73.4፣ ጂ 98 ኸርዝ ናቸው። የሚለወጠው ክብደቱ ብቻ ነው።

ጥብጣብ ሲጠመጠም በጥቅሎቹ መሃል ባዶ ቦታ ብዙም አይተውም። ስለዚህ በእኩል ውፍረት ፍላትዋውንዱ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ብረት ይይዛል፤ ይከብዳል፤ እዚያው ድምፅ ላይ ለመድረስ የበለጠ መወጠር አለበት። 45–105 ራውንድዋውንድ የለመደ ሰው 45–105 ፍላትዋውንድ ገዝቶ «ይህስ ሽቦ ነው» የሚለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ በተቃራኒው በኩልም ያሳስታል። የላ ቤላ ጥቁር ናይለን 60–115 ነው፤ ቁጥሩን ያየ ይሸሻል። ናይለን ቀላል ስለሆነ ግን ክሩ ወፍራም ሆኖ ለስላሳ ነው። የቶማስቲክ ኢንፌልድ ጃዝ ፍላት ባለ 34 ኢንቹ ስብስብ 43–56–70–100 ሲሆን ገበያ ላይ ካሉት ፍላትዋውንዶች ሁሉ ከለስላሶቹ ተርታ ነው።

በአንድ ስብስብ ውስጥ ያለውን ሚዛንም ተመልከቱ። አሠራሩ አንድ ከሆነ ክብደት በውፍረት ካሬ ይጨምራል። ከ0.100 ወደ 0.105 ስትሄዱ ውጥረቱ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከ0.100 ወደ 0.110 ከሆነ 21 በመቶ። ከ0.045 ጂ ወደ 0.055 ጂ መሄድ ግን 50 በመቶ ገደማ ነው! የፌንደር 9050 መካከለኛው ስብስብ 55–70–90–105 ነው፤ የኢውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «105 ለምጃለሁ» ብሎ ይገዛና ጂው ላይ ሲደርስ ጣቱ ይመሰክራል። በአሮጌው ልማድ የተሠሩ ስብስቦች ጂውን እንዲህ የሚያወፍሩት በድምፅ እንዳይሳሳ ነው፤ ምክንያት አለው፤ ግን አውቆ መግዛት ይሻላል።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። አምራቾች ለየክሩ የውጥረት ሠንጠረዥ ያወጣሉ። አሁን ያሰራችሁትን ክር ሠንጠረዥ ፈልጉ፤ የምትገዙትንም አጠገቡ አስቀምጡ። መደበኛ 45–105 ራውንድዋውንድ የአራቱ ድምር ወደ 80 ኪሎግራም ገደማ ነው፤ አዲሱ ስብስብ ከዚህ 10 በመቶ በላይ ባይርቅ ጊታሩን ብዙ ሳትነኩ ትሻገራላችሁ። ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ክር አወዳድሩ፤ ድምራቸው እኩል ሆኖ ኢው ላላ፣ ጂው ጥብቅ የሆነባቸው አሉና። ሠንጠረዥ የማያወጣ ብራንድ ከሆነ ቀላሉ ሕግ አሁን ከለመዳችሁት አንድ ደረጃ ቀጠን ያለውን መውሰድ ነው፦ 45–105 የለመደ 43–104 ወይም 45–100።

አንዳንዴ ገዝታችሁ ካሰራችሁ በኋላ ትንሽ የጠበቀ ሆኖ ይገኛል። በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መቃኘት ውጥረቱን 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በሙሉ ድምፅ ዝቅ ከተደረገ 21 በመቶ። ባንዱ ከፈቀደ ከክር መመለስ ይህ ይቀላል። ስኬሉ 30 ኢንች የሆነ አጭር ቤዝ ላይ ደግሞ ያው ክብደት በ22 በመቶ ባነሰ ውጥረት ይቃኛል፤ በረጅም ቤዝ ላይ የሚከብድ ውፍረት በአጭሩ ላይ ልክ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ግትርነት ሌላ ጉዳይ ነው

ውጥረትና ግትርነት ሁልጊዜ ይምታታሉ። ሁለት ክሮች በአንድ ውጥረት ተወጥረው አንዱ በጣት ግፊት በቀላሉ ይጎብጣል፤ ሌላው እንደ ዘንግ ይገትራል። ልዩነቱ የኮሩ ውፍረት፣ የኮሩ ቅርጽ እና የጥብጣቡ ጥብቀት ነው። ክሩ ከፓኬቱ ሲወጣ ራሱን የሚፈታበት ሁኔታ ብዙ ይናገራል፦ ለስላሳው ክብ እንደሆነ ይቀመጣል፤ ግትሩ ወዲያው ተፈናጥሮ ይዘረጋል።

ግትርነት ከጣት ድካም በላይ ጉዳት አለው። ትንንሽ ስፒከሮች 41 ኸርዝን በደንብ አያወጡም፤ አድማጩ ኢውን የሚለየው በእጥፎቹ፣ በ82 እና በ123 ኸርዝ ገደማ ባሉት ድምፆች ነው። ክሩ ሲገትር እነዚህ ተከታይ ድምፆች ከትክክለኛው እጥፍ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ውጤቱ ቱነሩ ላይ ልክ የሆነ፣ ጆሮ ላይ ግን የት እንዳለ የማይታወቅ ኢ ነው። «ዱብ ብሎ ይጠፋል» የሚባለው ድምፅ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ባለ አምስት ክር ቤዝ ላይ ችግሩ ይብሳል፦ የቢ ክር 30.9 ኸርዝ ነው፤ በፍላትዋውንድ ከ0.128 እስከ 0.136 ኢንች ውፍረት ይሠራል። ባለ አምስት ክር ያለው ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ቢውን እያየ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ 35 ኢንች ስኬል ካለው ደግሞ ከባለ 34ቱ በጥቂቱ የተሻለ ዕድል አለው።

እንግዲህ ብራንድ

ከራውንድዋውንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሻገር ሰው የዳዳሪዮ ክሮምስ 45–100 ጥሩ መግቢያ ነው። ጥብጣቡ የተወለወለ አይዝጌ ብረት ነው፤ ሲታሰር ከብዙዎቹ ፍላትዋውንዶች ይልቅ ላይኛው ድምፅ አለው፤ ሲውል ሲያድር ይረጋጋል። ውጥረቱ ግን ለስላሳ አይደለም። ከዚህም የበለጠ ጥርት ያለ ቃና ለሚፈልግ የኤርኒ ቦል ኮባልት ፍላት አለ፤ በቃናው ወደ ራውንድዋውንድ በጣም ይጠጋል። ይህን ያህል ከተጠጋ ለምን ፍላትዋውንድ ይባላል የሚል አለ፤ መልሱ ጣት ላይ ነው፤ ልስላሴው ያው ነው፣ የመንሸራተት ሲጥታም የለም።

ጥልቁንና ክቡን የድሮ ድምፅ የሚፈልግ ወደ ላ ቤላ ዲፕ ቶኪን ቤዝ ይሂድ። 43–104፣ 45–105 እና 49–109 አሉ። ለአብዛኛው ሰው 43–104 ይበቃል፤ ድምፁ በቁጥሩ መቅጠን ብዙ አይሳሳም፤ እጁ ግን ያመሰግናል። 52–110ን የምመክረው ለሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ ዝቅ አድርጎ ለሚቃኝና ጊታሩን ለዚያ ክር ብቻ ለመደበ።

ቶማስቲክ ጃዝ ፍላት ኒኬል ነው። መሃለኛው ድምፁ ሙሉ ነው፤ ከተመታ በኋላም ከሌሎቹ ፍላትዋውንዶች ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ብዙዎች የፍላትዋውንድ ሁሉ ቁንጮ ያደርጉታል። እኔ ግን እጁ ከባድ ለሆነ ተጫዋች አልመክረውም። ክሩ ሰፊ ቦታ ይዞ ስለሚርገበገብ፣ ጠንክሮ ሲመታ ፍሬት ላይ ይንጫጫል፤ ድምፁም ሲነሳ ለአፍታ ከቅኝቱ ከፍ ይላል። በልስላሴ ለሚጫወት ሰው ግን እንደሱ የሚታዘዝ ክር ማግኘት ይቸግራል።

ሮቶሳውንድ 77 ሞኔል ከሚባል የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ነው፤ ጥብቅ ነው፤ ሲመታ የሚያጉረመርም ጠርዝ አለው። በፒክ ለሚጫወትና ከጊታሮች ጩኸት መሃል መውጣት ለሚፈልግ ይስማማል።

ርዝመት፦ ከመግዛት በፊት የሚለካ

ክሩ ቢበጠስ በዋስትና ይቀየር ይሆናል፤ ተሳስቶ የተገዛ ርዝመት ግን የገዢው ዕዳ ነው። ፍላትዋውንድ ጫፎቹ ላይ ባለ ቀለም ሐር ይጠመጠምበታል፤ ከመቃኛው በኩል ያለው አብዛኛውን ጊዜ፣ ብሪጁ ላይ ከሚይዘው ኳስ በኩል ያለው እንደ ብራንዱ። ሐሩ ነትም ላይ ሳድልም ላይ መተኛት የለበትም። ነት ላይ ከተኛ ክፍቱ ክር ይታፈናል፤ ሳድል ላይ ከተኛ ደግሞ ቅኝቱም ጥራቱም ይበላሻል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በሜትር ኳሱ ከሚያርፍበት እስከ ነት ያለውን ለኩ። ባለ 34 ኢንች ቤዝ ላይ ክሩ ከብሪጁ ጀርባ የሚገባ ከሆነ 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ጥብጣቡ ሐሩ እስኪጀምር ድረስ ያለው ርዝመት ከዚህ በጥቂት ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ ይህ ቁጥር በአምራቹ ዝርዝር ላይ ይገኛል።

እጅግ ሲረዝምም ችግር አለ። የኢ ክር ሙሉ ውፍረቱ መቃኛው ምሰሶ ላይ ከተጠመጠመ ጥብጣቡ ይከፈታል። የረጅም ቤዝ ክር አሳጥሮ አጭር ቤዝ ላይ ማሰር የማይመከረው ለዚህ ነው፤ ለ30 ኢንች፣ ለ32 ኢንች እና ለ34 ኢንች የተለያየ ይሸጣል።

ክሩ በገላው ውስጥ አልፎ ከጀርባ የሚገባበት ቤዝ ሲሆን ሁለት ነገር ይጨመራል። መንገዱ በርካታ ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ሳድሉ ላይም ክሩ ሹል ሆኖ ይታጠፋል። ጥብጣብ ሹል እጥፋት አይወድም፤ ይሰነጠቃል ወይም ይላቀቃል። ብሪጁ ሁለቱንም አማራጭ ከሰጠ ከላይ አስገቡ። ካልሰጠ ለዚያ ዓይነት ተብሎ በረጅሙ የተሠራውን ግዙ።

ሲታሰር

አራቱን በአንድ ጊዜ ማውለቅ አያስፈልግም፤ አንድ በአንድ መቀየር አንገቱን አያስደነግጥም። ክሩ በብሪጁ በኩል ገብቶ ምሰሶው ላይ ሲደርስ ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ መሄዱን አረጋግጡ። ፍላትዋውንድ ላይ ጥቂት ዙር መጠማዘዝ እንኳ ይሰማል፦ ክሩ ሲመታ ድምፁ ይወዛወዛል፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ቅኝቱ አልስተካከል ይላል። ብዙ «የሞቱ» ኢ ክሮች የሞቱት በዚህ ነው። መድኃኒቱ ክሩን አላልቶ ጫፉን ከምሰሶው ማውጣት፣ ራሱን እስኪፈታ መተው፣ እንደገና ማስገባት ነው።

ከመቁረጣችሁ በፊት እጠፉ። ይህ ሊታለፍ የማይገባ ነው። ክሩን ከራሱ ምሰሶ አሳልፋችሁ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ተዉ፤ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ በፒንሳ ቀጥ ያለ ማዕዘን እስኪሠራ እጠፉት፤ ከእጥፋቱ ወዲያ ቁረጡ። ኮሩ ክብ ከሆነ ጥቅሉን የሚይዘው ይህ እጥፋት ብቻ ነው፤ ሳይታጠፍ ከተቆረጠ ጥብጣቡ ወደ ኋላ ይፈታና ክሩ መቼም ጥርት ብሎ አይሰማም። ምሰሶው ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ዙር፣ ወደ ታች እየወረደ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይወጣ ይጠምጠም። ወደ ቅኝቱ ከደረሰ በኋላ ሳድሉ ፊትና ነቱ ጀርባ ላይ ክሩን በአውራ ጣት ቀስ አድርጎ መጫን ጠርዙን ያስይዘዋል፤ ይህን ያልተደረገለት ግትር ክር ሳድሉ ላይ ቅስት ሠርቶ ያልፋል፤ ድምፁም ደብዘዝ ይላል።

ጊታሩ ሳይስተካከል ክሩን አትፍረዱበት

ቅደም ተከተሉ ነት፣ አንገት፣ የክሩ ከፍታ፣ ኢንቶኔሽን (ቅኝቱ በአንገቱ ርዝመት ሁሉ ልክ መሆኑ)፣ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚይዘው ማግኔት) ነው። ከተገለባበጠ ሥራው ይደገማል።

ነቱ ለ0.100 ተቆርጦ 0.110 ቢታሰርበት ክሩ ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ላይ ይሰቀላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ክፍቱ ልክ ሆኖ 1ኛውና 2ኛው ፍሬት ከፍ ይላሉ፤ ሲቃኝም ጭር ጭር እያለ ይዘላል። ጎድጓዳው በነት ሞረድ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ወደ ታች ግን አይነካም። ሞረዱ የሌለው ሰው ለባለሙያ ይስጥ፤ ወደ ታች የተቆረጠ ነት አይመለስም።

ውጥረት ሲጨምር አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል። 1ኛውን ፍሬት በካፖ (ክር በሚጫን መቆንጠጫ)፣ አንገቱ ገላውን የሚያገኝበትን ፍሬት በጣት ተጭናችሁ በ7ኛውና በ8ኛው ፍሬት መካከል ከክሩ ሥር ያለውን ክፍተት ለኩ። ለፍላትዋውንድ ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ ከሰፋ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የማስተካከያ ብረት) በሰዓት አቅጣጫ፣ በአንድ ጊዜ ከስምንተኛ ዙር ሳይበልጥ አጥብቁ፤ እንደገና ቃኙና ለኩ። እንጨቱ ለመረጋጋት ጊዜ ስለሚፈልግ በማግስቱ መልሶ መለካት ተገቢ ነው። ቁልፉ አልዞር ካለ አታስገድዱት፤ ክሮቹን አላልታችሁ ሞክሩ፤ አሁንም ካልዞረ ለባለሙያ ይሂድ። ቶማስቲክን የመሰለ ለስላሳ ስብስብ ሲታሰር ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ አንገቱ ቀጥ ብሎ ወይም ወደ ኋላ ሄዶ ክሮቹ የመጀመሪያ ፍሬቶች ላይ ይንጫጫሉ፤ ሮዱ ይላላል።

ክሩ ከፍሬቱ ያለው ከፍታ በ12ኛው ፍሬት ላይ ለኢ ከ2.0 እስከ 2.4፣ ለጂ ከ1.6 እስከ 2.0 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጥብቅ ክር በጠባብ ቦታ ስለሚርገበገብ ከዚህም ዝቅ ይላል። ሆኖም ፍላትዋውንድን እጅግ ዝቅ ማድረግ ድምፁን ያሳንሰዋል፤ ትንሽ ከፍ ሲል ነው ሆዱ የሚወጣው።

ለኢንቶኔሽን 12ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ሃርሞኒክ (ክሩን ሳይጫኑ በመንካት ብቻ የሚወጣውን ድምፅ) ከተጫነው ድምፅ ጋር አወዳድሩ። የተጫነው ከፍ ካለ ሳድሉ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ግትር ኢ አንዳንዴ ሳድሉን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ቦታ ካለቀና አሁንም ከፍ ካለ ክሩ ተጠማዝዞ እንደሆነ ወይም ነቱ ላይ ተሰቅሎ እንደሆነ ፈትሹ። ስብስቡ ለዚያ ቤዝ ከብዶ ሊሆንም ይችላል።

ፒክአፑን ከክሮቹ ሚዛን ጋር አስተካክሉ። ወፍራም ጂ ያለው ስብስብ ጂውን ያስጮኸዋል፤ ፒክአፑን በጂ በኩል ዝቅ ማድረግ ይፈታዋል። የመጨረሻው ፍሬት ተጭኖ ከክሩ ሥር እስከ ማግኔቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መነሻ ይሁን፤ ከዚያ ጆሮ ይወስን።

አምፑ ላይ

ፍላትዋውንድ ያሰረ ሰው በልማድ የአምፑን የቤዝ ቁልፍ ከፍ ያደርጋል። የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። መሠረታዊው ድምፅ ከክሩ ራሱ ሞልቶ ስለሚመጣ ከ100 ኸርዝ በታች ትንሽ ቀንሶ ከ700 እስከ 1000 ኸርዝ ያለውን ጥቂት ማንሳት ቤዙን በእግር ከሚመታው ከበሮ ይለየዋል። የጊታሩን ቶን ቁልፍ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ክፈቱት፤ የምትዘጉት ከባንዱ ጋር ከሰማችሁ በኋላ ነው። ብቻን ሲሰማ ድፍን የሚመስል ክር ከሌሎች ጋር ሲሆን ብዙ ጊዜ ልክ ቦታውን ይይዛል። ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት መምታትና መንጠቅ) ግን ዋና ሥራው የሆነ ሰው ራውንድዋውንዱን ይዞ ይቀጥል፤ ፍላትዋውንድ ላይ አውራ ጣት ይሰማል፣ የሚነጠቀው ክር ግን አይፈነጥቅም።

እድሜና እንክብካቤ

አዲስ ፍላትዋውንድ የብረት ጠርዝ አለው፤ ጣትም ይይዛል። ላዩ ለስላሳ ቢሆንም ደረቅ ጣት ላይ የሚለጠፍ ነገር አለው። ሁለቱም በመጫወት ይጠፋሉ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ክሩ የሚኖርበትን ድምፅ ያገኛል። በመጀመሪያው ቀን የሚሰጥ ፍርድ፣ መልካምም ሆነ ክፉ፣ አያስተማምንም።

ጥቅሎቹ መሃል ቆሻሻ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ለዓመታት ይቆያል። ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ መጥረግ በቂ ነው። እንደ ራውንድዋውንድ መቀቀል አይሠራም፦ ውሃው ከጥብጣቡ ሥር ገብቶ አይወጣም፤ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። አልኮል ካስፈለገ ጨርቁን በትንሹ አርጥቡ፤ ጣውላው ላይ ግን አይንጠባጠብ።

መቀየር ያለበት በአሮጌነቱ አይደለም። ጥፍር ሲሄድበት ጥብጣቡ ላይ ስንጥቅ ከተሰማ፣ ክፍቱ ክር ያለ ፍሬት ንክኪ ከተንጫጫ፣ ወይም 12ኛው ፍሬት በምንም ሳድል አልስተካከል ካለ አልቋል።

ያልተስማማችሁን ስብስብ ወደ ሌላ ቤዝ ለማዛወር ካሰባችሁ የጊታሩን ራስ፣ ማለትም መቃኛዎቹ ያሉበትን ጫፍ፣ ቅርጽ አስቡ። አራቱም መቃኛዎች በአንድ ወገን ከተደረደሩበት ቤዝ የተቆረጠ ስብስብ ሁለት በሁለት ወደሆነው ራስ በአብዛኛው ይሄዳል፤ ጂው ረዝሞ ይተርፋል እንጂ አያጥርም። ከሁለት በሁለቱ ወደ አንድ ወገኑ ግን ጂውና ዲው አይደርሱም፤ ምሰሷቸው እዚያ ከነቱ ርቆ ነው ያለው።